ግልጽ ደብዳቤ፦ «ብሮውዘራችሁን አታድሱ» የሚለው ማስታወቂያ ይነሳልን

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ተገልጋዮች ያረጀ የፊርማ ሶፍትዌር እንዲሠራላቸው ሲሉ የብሮውዘር አፕዴት እንዲያቆሙ መታዘዛቸውን ይመለከታል

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሂሳብ በመሥራት የምተዳደር የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ደንበኞቼ ቀድሞ ፒያሳና ካዛንቺስ ነበሩ፤ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ግን ብዙዎቹ ወደ ተለያዩ ሰፈሮች ስለተዛወሩ፣ ወረቀት ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው መሮጡ ቀርቶ ሰነዶቻቸውን በኦንላይን ማስገባት መቻሌ ለእኔም ለእነርሱም ትልቅ እፎይታ ሆኖልን ቆይቷል። ይህን አስቀድሜ የምገልጸው ደብዳቤው ኮምፒዩተር ከሚጠላ ሰው የመጣ እንዳይመስላችሁ ነው።

ሰነድ ከምናስገባባቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንዱ፣ ተገልጋዩ ያስገባውን ሰነድ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ እንዲያረጋግጥ ፍላሽ የምትመስል ቁልፍና ክሮም በተባለው ብሮውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ) ላይ የሚጫን ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ሰጥቶናል። የመሥሪያ ቤቱን ስም የማልጠቅሰው ችግሩ የእርሱ ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። ቁልፏ ኮምፒዩተሩ ላይ ትሰካለች፤ ኤክስቴንሽኑ አብሮት ከተጫነ ትንሽ ፕሮግራም ጋር ተነጋግሮ ያነባታል፤ የሚስጥር ቁጥሩ ሲገባ ሰነዱ ይፈረማል። ለአራት ዓመት ያህል ያለ እንከን ሠርቶልናል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ኮምፒዩተሩን ስከፍት ክሮም ራሱን አድሶ ጠበቀኝ፤ ኤክስቴንሽኑ ከእንግዲህ ስለማይደገፍ መጥፋቱን የሚገልጽ አጭር መልእክትም አሳየኝ። የቁልፏ መብራት እንደ ወትሮው ይበራል፤ የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ግን ቁልፍ አልተገኘም እያለ ይመልሰኛል።

በእግሬ ሄጄ ተሰለፍኩ። የአዲስ አበባ ሰው «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ለምዶታልና እኔም የጠበቅሁት እርሱኑ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ሲስተሙ እንዳለ፣ ጥፋቱ የእኔ ኮምፒዩተር መሆኑ ተነገረኝ። በመስኮቱ ላይ ማኅተምና ቲተር ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ይዘቱም ብሮውዘራችሁን አታድሱ፣ ያደሳችሁ ወደ ቀድሞው መልሱ፣ አንቲቫይረሱ ከከለከላችሁ ለጊዜው አጥፉት የሚል ነው። ከመስኮቱ በስተጀርባ የነበረው ወጣት ሠራተኛ ትሑትና ሊረዳኝ የሚፈልግ ሰው ስለነበር የቀድሞውን ክሮም በፍላሽ ሰጠኝ። ያ ፍላሽ በዚያ ቀን ስንት ኮምፒዩተር ላይ ተሰክቶ እንደነበር አልጠየቅሁትም፤ መጠየቅ ግን ነበረብኝ።

ማመልከቻዬ በዚህ ማስታወቂያ ላይ ነው። ሰነዴ በመዘግየቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩም። ለጥበቃ ተብሎ የተሰጠን ሶፍትዌር እንዲሠራ ሌላውን ጥበቃችንን ሁሉ እንድናነሳ መታዘዛችን ግን፣ ዘበኛው እንዳይቸገር የግቢውን በር ከፍታችሁ እደሩ እንደማለት ነው። ብሮውዘር የሚታደሰው ለመልኩ ሲባል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ዌብፒ የተባለውን የምስል ዓይነት በሚያነብ የጋራ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፤ ሆን ተብሎ የተበላሸ ምስል ያለበትን ገጽ መክፈት ብቻ ለጥቃት ያጋልጥ የነበረ ሲሆን፣ ክፍተቱ ከመደፈኑ በፊት ጥቃት አድራሾች ይጠቀሙበት እንደነበር ጎግል ራሱ አስታውቋል። ክሮምም ፋየርፎክስም በጥቂት ቀናት ውስጥ በአፕዴት ደፈኑት። በዚያ ሳምንት እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ አክብሮ አፕዴት ያቆመ ሰው ቀዳዳውን ይዞ ቀረ ማለት ነው።

የእኔ ኮምፒዩተር ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለም። የደንበኞቼ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የሠራተኞቻቸው የደመወዝ ዝርዝር በውስጡ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ በአግባቡ እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሏል። ሕጉ ጠብቅ እያለኝ መስኮት ላይ የተለጠፈው ወረቀት አጥርህን አፍርስ ይለኛል፤ አንዱን ሳከብር ሌላውን መጣሴ የግድ ሆኗል። ይህን አጣብቂኝ አስከፊ የሚያደርገው ደግሞ ብሮውዘርን ወደ ኋላ መመለስ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ ሥራ አለመሆኑ ነው። ክሮም ከቀናት በኋላ ራሱን መልሶ ስለሚያድስ፣ በሕንፃችን ሥር ያሉት የኮምፒዩተር ጠጋኞች የአፕዴቱን አገልግሎት ከሥሩ ያቋርጡታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አስታውሶ አይከፍተውም። ወደ አሮጌው ሲመለስ በአዲሱ ተከማችቶ የነበረው ሁሉ በትክክል ይከፈታል የሚል ዋስትናም ስለሌለ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያስቀመጣቸውን የይለፍ ቃሎች በሙሉ አጥቷል።

አፕዴቱ ድንገት የመጣብን አድርጎ ማቅረብም ተገቢ አይደለም። ኤን ፒ ኤ ፒ አይ የሚባለው፣ ፕለጊኖች በብሮውዘር በኩል ገብተው ኮምፒዩተሩን እንደልባቸው እንዲያዙ ያስችል የነበረው አሠራር፣ እንደሚቀር በክሮም በኩል የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን የተወገደው በ2015 ነው፤ ፋየርፎክስም በ2017 ከፍላሽ ፕሌየር በቀር ሌላውን ዘጋ። ያን ጊዜ በዚሁ መንገድ ብሮውዘር ውስጥ ይሠሩ የነበሩ፣ በጃቫ አፕሌት የተሠሩ የፊርማ ፕሮግራሞች በየአገሩ ቆመዋል። አክቲቭኤክስ የተባለው ተመሳሳይ የማይክሮሶፍት አሠራር የተንጠለጠለበት ብሮውዘር፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11፣ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2022 በአብዛኞቹ የዊንዶውስ 10 እትሞች ላይ ድጋፉ ተቋረጠ። የእኛን ኤክስቴንሽን ያስቆመው ለውጥም ቢሆን፣ ማኒፌስት 2 የተባለው አሮጌ የኤክስቴንሽን አሠራር ደንብ በማኒፌስት 3 መተካቱ፣ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። የክሮም መደብር በአሮጌው ደንብ የተሠሩ አዳዲስ ኤክስቴንሽኖችን ለሕዝብ መቀበል ያቆመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ነበር፤ በተጠቃሚዎች ዘንድ ማስጠንቀቂያ መታየት የጀመረው ደግሞ በ2024 አጋማሽ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት ከበቂ በላይ ጊዜ ነበር።

በዚህ ረገድ የደቡብ ኮሪያ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ጠንካራ የምስጠራ ቴክኖሎጂ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ትገድብ ስለነበር ለውጭ ገበያ የሚላኩ ብሮውዘሮች በ40 ቢት ደካማ ምስጠራ የተወሰኑ ነበሩ። ኮሪያውያን በዚህ ባንክ አይከፈትም ብለው ሲድ የተባለ ባለ 128 ቢት የራሳቸውን ምስጠራ ሠሩ፤ በወቅቱ የነበረ ብሮውዘር ስለማያውቀው ግን በአክቲቭኤክስ አማካኝነት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ጫኑት። እ.ኤ.አ. በ1999 የዲጂታል ፊርማ ሕግ አወጡ። ሲጀመር የሚደነቅ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ማንንም ሳይጠብቁ የራሳቸውን ችግር በራሳቸው እጅ ፈቱ። የተሳሳቱት በኋላ ነው። የአሜሪካ ገደብ ከላላና ብሮውዘሮች ሁሉ ጠንካራ ምስጠራ ከያዙ በኋላም አሠራሩ ባለበት ቀጠለና፣ ባንክ ለመጠቀምም ሆነ የመንግሥት ጉዳይ ለመጨረስ አገር በሙሉ በአንድ ኩባንያ አንድ ብሮውዘር ላይ ለዓመታት ታስሮ ቆየ። ሕዝቡ በየገጹ የሚጠየቀውን የደኅንነት ፕሮግራም ሁሉ ሳያነብ «እሺ» እያለ መጫንን ለመደ፤ ለአጭበርባሪ ከዚህ የተመቸ ልማድ የለም። በግዴታ መልክ የነበረው፣ ለፊርማው የሚያገለግለው ዕውቅና የተሰጠው ሰርተፊኬት ብቸኛ ቦታውን በሕግ ያጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ነው። እኛ ገና ጅምር ላይ በመሆናችን ያን ሁሉ ዓመት የምንከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

የመሥሪያ ቤቱን ሁኔታ ሳልረዳ ቀርቼ አይደለም። ሶፍትዌሩ በጨረታ የተገዛ ሲሆን፣ አቅራቢው ርክክብ ፈጽሞ ክፍያውን ወስዶ እንደሄደ ከሠራተኞቹ አነጋገር ተረድቻለሁ። በሂሳብ ሙያዬ እንደማየው ሶፍትዌር በመንግሥት ቤት የሚስተናገደው እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ነው፤ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ከተደረገ በኋላ ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቆጠራል። ወንበር ግን የወለሉ ዓይነት ስለተቀየረ መቀመጫነቱ አይቀርም። በብሮውዘር ላይ የተንጠለጠለ ሶፍትዌር የቆመበት መሬት በየወሩ ይንቀሳቀሳል፤ ክሮም የስድስት ሳምንቱን የእትም ዙር እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ አራት ሳምንት አሳጥሮታል። ስለዚህ የጥገና ውል የሌለው የፊርማ ሶፍትዌር ግዢ፣ በእኔ አስተያየት፣ ግማሹ ብቻ የተገዛ ነው።

ከሚኒስቴሩ የምንለምነው አንደኛ ነገር ለነገ የማይባለው ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ተገልጋይን አፕዴት አቁም፣ አንቲቫይረስ አጥፋ የሚል መመሪያ በጽሑፍም በቃልም እንዳይሰጡ በደብዳቤ ይታዘዙ፤ የተለጠፈውም ይነሳ። አዲሱ ኤክስቴንሽን እስኪመጣ ድረስ ተገልጋዩ ሰነዱን በአካል አቅርቦ በወረቀት እንዲፈርም ይፈቀድለት። ወረፋው ይረዝማል፤ ቢሆንም ወረፋ ከቀዳዳ ይሻላል።

ዋናው መፍትሔ ግን ፊርማውን ከብሮውዘሩ ማውጣት ነው። ሰነዱ በኮምፒዩተሩ ላይ ራሱን ችሎ በሚሠራ ፕሮግራም ይፈረምና የተፈረመው ፋይል በየትኛውም ብሮውዘር፣ ያለ ምንም ኤክስቴንሽን፣ ገጹ ላይ ይጫን። የክሮም ደንብ ቢቀየር ፊርማዬ አይነካም። ወደ ሲስተሙ መግቢያውን በተመለከተ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ዌብ ኦተንቲኬሽን፣ ማለትም ተጠቃሚው በቁልፍ ማንነቱን አረጋግጦ የሚገባበት አሠራር፣ በብሮውዘሮቹ ውስጥ ተሠርቶ ስላለ፣ ይህን ደረጃ የሚደግፉ ቁልፎችን ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ማንበብ ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ፣ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ መሠረት ጥለዋል፤ በሕግ የጸና ፊርማዬ ግን ዛሬ የተንጠለጠለው በአንድ ብሮውዘር አንድ አሮጌ እትም ላይ ነው። ይህ እስኪስተካከል ድረስ በኤክስቴንሽን የሚቀጥል መሥሪያ ቤት ካለ፣ ለሕዝብ ከመልቀቃቸው ከሳምንታት በፊት ብሮውዘሮቹ በሚያወጡት የቤታ እትም ላይ በየወሩ እንዲሞክር ይደረግ። ለዚህ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ይበቃል።

በመጨረሻም የቀነ ገደብ ጉዳይ አለ። ሶፍትዌሩ በቆመባቸው ቀናት ሰነዳቸው ያለፈባቸው ደንበኞቼ መቀጫ ተጠይቀዋል፤ ምክንያቱን ሳስረዳ የተሰጠኝ መልስ ሲስተሙ ቀኑን ሙሉ ክፍት እንደነበር መዝገቡ ያሳያል የሚል ነበር። ክፍት መሆኑ እውነት ነው፤ ፈርሞ ማስገባት ግን አይቻልም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያደለው የፊርማ ሶፍትዌር የማይሠራባቸው ቀናት ከቀነ ገደቡ ላይ እንዳይቆጠሩ፣ ይህም በተገልጋዩ ልመና ሳይሆን በመመሪያ እንዲወሰን እንጠይቃለን።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ በጨረስኩበት ዕለት ጠዋት በዚያው መስኮት በኩል አልፌ ነበር። ማስታወቂያው አሁንም አለ፤ ጠርዙ ስለተላጠ በአዲስ ፕላስተር ተጠናክሯል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሂሳብ ባለሙያ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ

ግልባጭ፦
ስሙን ላልጠቀስኩት መሥሪያ ቤት