ከአሰብ በፊት የእናቴን ፋይል አምጡልን

ይድረስ ባሕር ዳር ለሚገኙ አንድ የመሬት ጉዳይ ኃላፊ

ጌታዬ፣

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጻፍኩም። ፈርቶ ነው ካሉ ይበሉ። ሦስት ማመልከቻ በስምዎ ጽፌ ሦስቱንም መዝገብ ቤት አስገብቼ ነበር። ስለ ሦስቱም "አልደረሰንም" ተባልኩ። በስም መጻፍ እንደማይሠራ ካየሁ፣ ያለ ስም ልሞክር ብዬ ነው።

ለማስታወስ ያህል፣ ባለጉዳይዋ ሰኞና ሐሙስ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ፌስታል ታቅፋ የምትቀመጠው አሮጊት ናት። 74 ዓመቷ ነው። እናቴ ናት።

ሐይቁ ዳር የነበረው ቤታችን ለልማት ይፈለጋል ተባለ። እሺ አልን። ካሳው አስቀድሞ መከፈል፣ ምትክ ቦታውም መሰጠት እንደነበረበት ለእርስዎ መንገር አያሻም። አዋጅ 1161/2011ን ለእርስዎ መጥቀስ ለቄስ አቡነ ዘበሰማያት ማስጠናት ነው። እኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ወጣን። ለቤቱ የተሰጠችን ገንዘብ በቤት ኪራይ አለቀች። አሁን እናቴ ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ውሃ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ ሲመጣ። ዕድሜ ልኳን ጣናን ከደጃፏ ስታይ የኖረች ሴት በጀሪካን ውሃ ትገዛለች። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት ለእኛ ተረት አልሆነም።

200 ካሬ ሜትር ምትክ ቦታ በደብዳቤ ተፈቅዶልን ነበር። ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነው። ቦታው ላይ ስንሄድ በቆርቆሮ ታጥሯል። ዘበኛው "ባለቤቱ አዲስ አበባ ናቸው" አለን። ወደ እናንተ ስንመለስ መጀመሪያ ሲስተም የለም ተባለ። ቀጥሎ ባለሙያው መስክ ወጥቷል። ቀጥሎ ፋይሉ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። በመጨረሻ እንዲህ የሚባል ፋይል ድሮም አልነበረም።

ከግቢያችሁ ማዶ ሻይ ቤት የሚውል አንድ ልጅ አለ። ሠራተኛችሁ አይደለም። የእናቴን ሙሉ ስም፣ የፋይሉን ቁጥርና የካሬውን ስፋት ግን በቃሉ ያውቃል። "ፋይሉ ይገኛል፣ 150 ሺህ ነው። ለኔ እንዳይመስልህ፣ ለላይ ነው" አለኝ። ለላይ ያለው ማንን ይሆን? እኔ መምህር ነኝ። 150 ሺህ ብር አንድ ላይ አይቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ችለነው ነበር። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያለፈው ሐሙስ የሆነው ነው።

እናቴ ከጠዋት ጀምራ ጠብቃ፣ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ገባች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። እርስዎ ከሁለት ሰዎች ጋር ቡና ይጠጡ ነበር። ቁጭ በሉ አላሏትም። ደብዳቤዋን ስትዘረጋ እንዲህ አሏት። "እማማ፣ አገር የባሕር በር ጉዳይ ላይ ነች። ወሬው ሁሉ ስለ አሰብ ነው። እርስዎ ስለ 200 ካሬ ይጨቀጭቁኛል?"

እንግዶችዎ ሳቁ። እናቴ ደብዳቤዋን አጥፋ ፌስታሏ ውስጥ ከተተች። ደረጃውን ስንወርድ አንድ ነገር ብቻ አለች። "ወንድምህን የወሰዱት ጊዜም ትልቅ ጉዳይ ነው ብለውኝ ነበር።"

ታላቅ ወንድሜ የባድመ ጦርነት ሟች ነው፣ ጌታዬ። ፋይሉን ከፍተውት ቢሆን ኖሮ ያውቁት ነበር። ጣና ላይ ጀልባ ሲጭንና ሲያወርድ የኖረ የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ግንቦት 4 ቀን 1990 ጦርነቱ በባድመ ሲፈነዳ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። በሚቀጥለው ዓመት ወንድሜ ዘመተ። እናቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ለጦርነቱ መዋጮ ሲጠየቅ የወር ደመወዟን ሰጠች። በሶ ፈጭታ፣ ዳቦ ቆሎ ጠብሳ ላከች። ልጇን አስቀድማ ሰጥታለች።

ወንድሜ ግንቦት 1992 በመጨረሻው ማጥቃት ወደቀ። እኛ ግን አልተነገረንም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ሰላም ተፈረመ፣ እሱ አልመጣም። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ወጣ። የዚያን ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ስዩም መስፍን በቴሌቪዥን ቀርበው ባድመ ለእኛ ተወሰነ አሉ። እናቴ "በቃ ልጄ ሊመጣ ነው" ብላ እልል አለች። ጎረቤት ተሰብስቦ እልል አለ። በኋላ ሲጣራ ኮሚሽኑ ባድመን የሰጠው ለኤርትራ ነው። መርዶው የመጣው ደግሞ በ1995 መጀመሪያ ነው። እናቴ የሞተ ልጇን ስትጠብቅ፣ ባልተሰጠን ከተማ እልል ብላለች። ለዚያች እልልታ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቃት ሰው የለም።

ስለ ካሳ እናውራ ካልን ደግሞ እናቴ 31 ዓመት የሠራችበት ፋብሪካ ራሱ የጦርነት ካሳ ነው። በ1953 ሲቋቋም ገንዘቡ ጣሊያን ለወረራዋ ከከፈለችው የመጣ ነው። ቆቃም የተገደበው በዚያው ካሳ ነው። ጣሊያን የከፈለችው በመርዝ ጋዝ ለፈጀችው ሕዝብ ምንም አይደለም። ቢሆንም ያ ካሳ በዓይን ይታያል። እንጀራችን ሆኗል። የእኔ ደብተር የተገዛው በእሱ ነው።

የባድመውስ? ለካሳው የተቋቋመው ኮሚሽን በ2001 ሒሳቡን ዘጋ። ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ወሰነ። ሲቀናነስ 10.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብልጫ አለን። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ያለቀበት የሁለት ዓመት ጦርነት ሒሳብ ወረቀት ላይ ይህ ነው። ከዚህ ውስጥ አንዲት ሳንቲም እናቴ ቤት አልገባችም። እናቴ ቤት የገባው አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ ፎቶ ነው።

አሁን "ይሄ ሰውዬ የሻዕቢያ ደጋፊ ነው" እንዳይሉኝ። ያው ኮሚሽን በ1998 ጦርነቱን በሕገ ወጥ መንገድ የጀመረችው ኤርትራ እንደሆነች ወስኗል። የአስመራ መንግሥት የራሱን ወጣት መጨረሻ በሌለው ብሔራዊ አገልግሎት እንደሚፈጅም አውቃለሁ። የባሕር በር አያስፈልገንም የምል ሞኝም አይደለሁም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ንግዳችን በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔ ነኝ። ወደብ በድርድር፣ በኪራይ፣ በንግድ ይገኝ። ማን ይጠላል? ከጥቅምት 2016 ወዲህ ግን የቀይ ባሕር ወሬ በተነሳ ቁጥር እናቴ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ይጠፋል። ያኔ ልጇ እንደነበረው ሁሉ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ የልጅ ልጅ አላት።

ነገሩ እንዴት እንደሚገለባበጥም አይተናል። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ሁለቱ መሪዎች አስመራ ላይ ተፈራረሙ። ከዚያ በፊት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ መንግሥት የድንበር ውሳኔውን እቀበላለሁ ብሎ ነበር። ባድመን እንመልሳለን ማለት ነው። እናቴ ያን ዜና ስትሰማ "ታዲያ የኔን ልጅስ?" አለች። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበርና ተቆጣኋት። ዛሬ አፍራለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ትግራይ ነደደች፣ የኤርትራ ጦርም ገባ። ኅዳር 2013 ሮኬት የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጣ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ያለውን ማታ በጊዜ ቤታችን የምንገባ ሰዎች ሁላችን እናውቀዋለን። ትናንት የተቃቀፉት ዛሬ በጎሪጥ ይተያያሉ። የሚቀጥለው ልጅ ከማን ቤት እንደሚወሰድ ግን አይለወጥም። ከሻይ ቤቱ ልጅ "ላይ" ቤት አይወሰድም።

ጦርነትና ሌብነት ሩቅ ለሩቅ የሚኖሩ ዘመዳሞች አይደሉም። አንድ ጓዳ ነው የሚበሉት። በጦርነት ጊዜ ደረሰኝ መጠየቅ ክህደት ይሆናል። ሜቴክን ያስታውሱ። በጄኔራሎች የሚመራ ድርጅት ነበርና ማን ይጠይቀው? ኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ወጥተው በስድስት ዓመት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ተፈጽሟል ሲሉ ሰማን። የጣና በለስን ስኳር ደጃችን ላይ ሆነን ስንጠብቅ የኖርነው በዚሁ ድርጅት ነው።

የፀረ ሙስና ኮሚሽኑስ መቼ ተቋቋመ? ግንቦት 1993፣ የአልጀርሱ ፊርማ ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ነው። ወዲያው ከታሰሩት አንዱ ጦርነቱን ከመሩት ሰዎች መካከል የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ ናቸው። ከፓርቲያቸው ጋር በተጣሉ በወራት ውስጥ ማለት ነው። ጥፋተኛ ናቸው አይደሉም የሚለውን ለታሪክ ልተወው። እኛ ተራ ሰዎች ግን በአገራችን ሰው በሌብነት የሚያዘው ሲሰርቅ ሳይሆን ሲጣላ እንደሆነ ያኔ ገባን። እርስዎም እስካልተጣሉ ድረስ ደህና ነዎት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እርስዎን የሚቆጭዎት አይመስለኝም።

አሰብን ከእናቴ 200 ካሬ ጋር ያወዳደሩት እርስዎ ነዎትና እኔም ላወዳድር። አሰብ ላይ ውሳኔ የሚሰጠው ከእርስዎ በላይ ያለ ሰው ነው። 200 ካሬው ላይ ግን የሚፈርመው የእርስዎ እጅ ነው። በፊርማዎ ሥር ያለችውን መሬት ያልጠበቀ ሰው ስለ ቀይ ባሕር ሊያስተምረን አይችልም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሐይቁ ዳር የተነሱትን ሰዎችና ምትክ ቦታ የተሰጣቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ጎን ለጎን በራችሁ ላይ ለጥፉ። ሁለቱ ዝርዝር ካልተመሳሰለ ከተማው ራሱ ያነበዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ሀብት ማስመዝገብን የሚያዘው አዋጅ 668/2002ም አለ። እርስዎ ሞልተው ያስገቡት ቅጽ እንደኛ ፋይል ካልጠፋ፣ ብናየው ደስ ይለናል።

ሻይ ቤት ላለው ልጅም ይንገሩልኝ። 150 ሺህ የለንም። አይኖረንም።

እናቴ ሰኞ ትመጣለች። እንደ ልማዷ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ፋይሉ ውስጥ የወንድሜ የምስክር ወረቀት አለ፣ ኮፒ አይበቃም ብላችሁ ዋናውን ነው የተቀበላችኋት። ከእሱ ጋር በስቴፕለር የተያያዘ አንድ ፎቶ አለ። የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሳው እሱ ብቻ ነው፣ ሌላ ቅጂ የለንም። ስትፈልጉት እንዳትሳሳቱ ጀርባውን ገልብጡት። በሰማያዊ እስክሪብቶ "ለእምዬ፣ ከሽራሮ" ይላል።