ለቅዳሜ የሚያዝ ዕቃ እና አንድ አጭር ፊልም

ሰላም የግሩፑ ሰዎች፣ ቅዳሜ የራሳችንን አጭር ፊልም ስለምንሰራ ከዛ በፊት የአሜሪካዊውን ፊልም ሰሪ የፔስን (PES) «ፍሬሽ ጓካሞሌ» አይታችሁ ኑ፣ በፈረንጅ 2012 የወጣ ነው፣ ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሞላም ግን ለኦስካር ታጭቷል። ሰውዬው አቮካዶ ብሎ የሚሰነጥቀው የእጅ ቦምብ ነው፣ የቤዝቦል ኳሷን ደግሞ እንደ ሽንኩርት ሲከትፋት ነጫጭ ዳይስ (የመጫወቻ ዛር) ሆና ቁጭ ትላለች ሃሃ። ድምፁን ልብ በሉልኝ፣ እኔ ግማሹን ስራ የሰራው ድምፁ ነው ባይ ነኝ፣ የቢላው ድምፅ የእውነት ኩሽና ስለሚመስል አይናችንም አብሮ ያምናል።

አሰራሩ ያው ስቶፕ ሞሽን ነው፣ ዕቃውን ትንሽ ነካ አድርጎ ፎቶ ማንሳት፣ ደግሞ ነካ አድርጎ ማንሳት፣ ፎቶዎቹ ሲከታተሉ ዕቃው ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፣ ለአንድ ሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃናል። ስልኩ ንቅንቅ እንዳይል በደንብ ይታሰር፣ ፎከስና ብርሃኑን ሎክ አድርጉት፣ መጋረጃም ይዘጋ ምክንያቱም ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ብልጭ ድርግም እያለ ያናድዳል።

ከቤት ቁልፍ፣ ምስር፣ ቆርኪ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ያገኛችሁትን ያዙ። የቡና መቁያ ያለው ሰው ካለ ይዞልን ይምጣ፣ ቆርኪ እንደ ቡና ስንቆላ ማየት አምሮኛል፣ ከጀበናው ምን እንደሚቀዳ ግን እስካሁን አልመጣልኝም፣ ሀሳብ ያለው እዚሁ ይጻፍ።