የደጋው ሜዳ አፈር ይለካልን፦ ለደቡብ ወሎ ዞን ግብርና መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በጉጉፍቱ አካባቢ የተራቆተው የግጦሽ መሬት

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

የምኖረው ደሴ ነው፤ የእናቴ ዘመዶች ግን ከጉጉፍቱ ወዲያ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ላይ ናቸው። ኅዳር ላይ ልጠይቃቸው ሄጄ ያየሁትን ሳልነግራችሁ መቀመጥ አልቻልኩም።

ፀሐይ ሳትወጣ ከግጦሹ ሜዳ ገባሁ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ጎንበስ ብዬ የአፈሩን ቅርፊት ሳነሣው፣ ከሥሩ እንደ መርፌ የቆሙ ቀጫጭን በረዶዎች አገኘሁ። ሌሊቱን ከአፈሩ እርጥበት በቅለው፣ የላዩን አፈር ከነሣር ቡቃያው ሽቅብ አንሥተውታል፤ ሥሩ ተበጥሶ በአየር ላይ ቀርቷል። ረፋዱ ላይ ሁሉም ቀልጦ ጭቃ ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ በነፋስ የሚበን አቧራ። ከሜዳው ጫፍ፣ ከብት በማይደርስበት የድንጋይ ጥግ አንድ ችምችም ያለ የጓሳ ሣር ተርፎ ነበር። እጄን ከሥሩ ሰደድኩ። በረዶ የለም፤ አፈሩ እርጥብና ልል ነው። በሁለቱ መካከል አሥር እርምጃ እንኳ አይሞላም።

ሣር ለአፈር ጋቢው ነው፤ ቀን ከፀሐይ ይከልለዋል፣ ሌሊት ሙቀቱን ይይዝለታል። ውኃም ለመሞቅም ሆነ ለመቀዝቀዝ ስለሚዘገይ፣ እርጥብ አፈር በቶሎ አይለዋወጥም። ሣሩ ተግጦ ሲያልቅና መሬቱ በኮቴ ሲደድር ግን ዝናቡ አይሰርግም። የደረቀው አፈር ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ግለቱ ደግሞ የተረፈችውን እርጥበት ያተናታል።

ነገሩ የሚበላሸው በበልግ ነው። በጋውን የተራበ ከብት የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ሜዳው ላይ ይለቀቃል። አፈሩ ለስላሳ በሆነበት ሰዓት ኮቴው ይጠቀጥቀዋል፤ ቡቃያው ሥሩ ሁለት ጣት ሳይወርድ ይነጫል። የተረፈውን የግንቦት ፀሐይ ያደርቀዋል። ሐምሌ ላይ የሚወርደው ውኃ የሚይዘው አጥቶ አፈሩን እየጠረገ ቁልቁል ይነጉዳል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩ ይመለሳል።

ሕዝቡ በተፋሰስ ሥራ እርከን ሲሠራ አይቻለሁ፤ ያንን ድካም አከብራለሁ። ነገር ግን እርከን የተሠራበት ሜዳ በበልግ ክፍት ከሆነ ድካሙ ግማሽ ነው። ስለዚህ ሜዳው በየተራ እየተከፈለ፣ ከበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ አንሥቶ ሣሩ ዘር እስኪጥል ድረስ ይዘጋ። አጎቴን ይህን ስነግራቸው «ከብቴን የት ላድርሰው?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። መልሱ ዘበኛ ማቆም ብቻ ሊሆን አይችልም። ከተዘጋው ሜዳ አጭደው እንዲወስዱ ይፈቀድላቸው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት የበልግ ወራትም የመኖ ድጋፍ ይታሰብላቸው። ጎረቤታችን መንዝ የጓሳን ሜዳ ቄሮ በሚባለው ነባር የጋራ ግጦሽ መጠበቂያ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ ያቆየው ነዋሪው ራሱ ወስኖ ነው። እዚህም ተራውን የሚያወጡት የአካባቢው ሽማግሌዎች ቢሆኑ ይሻላል።

ሁለተኛው ልመናዬ መለኪያ ነው። የኮምቦልቻ የአየር ጠባይ ጣቢያ ያለው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ በ1,000 ሜትር ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ የዚያ ቁጥር ስለ ጉጉፍቱ አይነግረንም፤ የአየር ሙቀትና የአፈር ሙቀትም አንድ አይደሉም። በተራቆተው ሜዳና በተዘጋው ውስጥ በ5፣ በ10፣ በ20 እና በ50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የአፈር ቴርሞሜትር ይተከል። እርጥበቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አፈሩን መዝኖ፣ በ105 ዲግሪ ምድጃ አንድ ቀን አድርቆ፣ እንደገና መመዘን ነው። ያን ጊዜ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን አፈሩ ራሱ ይነግረናል።

ቴርሞሜትሩ ከየካቲት በፊት ቢተከል ለበልጉ ይደርሳል። አጎቴ ጠዋትና ማታ እያነበቡ ሊመዘግቡ ፈቃደኛ ናቸው፤ ደብተሩን እኔ እገዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የደሴ ከተማ ነዋሪ