የመውጣት ሕዝበ ውሳኔ፦ ከድምፁ በፊት ምን ይታወቅ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችበት ድምፅ እዚህ ባሕር ዳር ሲነሣ «ሕዝቡ ወስኗል፤ አበቃ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሕዝብን መጠየቅ ዴሞክራሲያዊ ነው። ቅር የሚለን አጠያየቁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 «እንውጣ» ያለው 51.9 በመቶ ነበር። ድምፅ የሰጠው ግን 72.2 በመቶው ስለሆነ፣ ከተመዘገበው መራጭ 37 በመቶ ገደማ ወሰነ ማለት ነው። ከዚህ የባሰው፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ስለ ጋራ ገበያው፣ ስለ ጉምሩኩም ሆነ ስለ አየርላንድ ድንበር ምንም አለማለቱ ነው፤ ፓርላማው ከሦስት ዓመት በላይ የተናጠው በዚሁ ነው። ሞንቴኔግሮ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ከሰርቢያ ለመለየት የ55 በመቶ ድምፅና ከግማሽ በላይ ተሳትፎ አስቀድማ ደነገገች፤ 55.5 አገኘች፤ ሰርቢያም ተቀበለችው።

የእኛ ሕገ መንግሥት ስለ መገንጠል የሚደነግገው አንቀጽ 39(4) የጠያቂው ብሔር ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚደረግ ሕዝበ ውሳኔ፣ የሥልጣን ርክክብና የንብረት ክፍፍል ይጠይቃል። ለሕዝበ ውሳኔው ግን ተራ አብላጫ ይበቃዋል፤ ዝቅተኛ ተሳትፎም አልተቀመጠለትም። ክፍፍሉም የሚመጣው ከድምፁ ኋላ ነው። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ከአንድ ክልል በላይ ያቋርጣል፤ መራጩ ውኃው፣ ዕዳውና ወሰኑ እንዴት እንደሚሆን በጽሑፍ ሳያይ ካርዱን ሊጥል አይገባም።

የሕግ መምህራን፣ ከባሕር ዳር