ሰባቱን በሮች ማን አፈረሳቸው?

ለአዘጋጁ፦

ሰሞኑን በጉዞ ዓምዳችሁ የኔዘርላንድሷን ከተማ የዴልፍትን የምሥራቅ በር ፎቶ አይቼ ደስ ብሎኛል። ከሥሩ «ፈረንጅ ቅርሱን አይነካም» የሚለውን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ይነካል እንጂ! ዴልፍት ስምንት የከተማ መግቢያ በሮች ነበሯት። ዛሬ የቀረው ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ሰባቱን ያፈረሳቸው ጠላት አይደለም። አብዛኞቹን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማው ሰዎች ራሳቸው ናዷቸው። ለጦርነት አይጠቅሙም፣ ለጋሪ ይጠብባሉ፣ ማደሻቸውም ወጪ ነው ተባለ። ምክንያቱ ለአዲስ አበባ ሰው ጆሮ እንግዳ አይመስለኝም።

ከፈረሱት ሁለቱን ማየት የሚፈልግ ዘ ሄግ ወደሚገኘው ሞሪትስሃውስ ሙዚየም ይሂድ። ሠዓሊው ዮሐንስ ፈርሜር በ1660 አካባቢ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሳለው የዴልፍት ገጽታ እዚያ ተሰቅሏል። ውሃው ዳር ቆመው ጥላቸውን የጣሉት የስኺዳምና የሮተርዳም በሮች ናቸው። ሥዕሉን ዓለም ያደንቀዋል፤ በሮቹ ግን የሉም።

የተረፈው የምሥራቅ በር በ1400 አካባቢ የተሠራ የሸክላ ጡብ ግንብ ነው። ስምንት ማዕዘን ያላቸው ቀጫጭን ማማዎቹ ከመቶ ዓመት በኋላ ከፍ ተደረጉ። ጽሑፋችሁ ውሃውን መዝለሉም ቅር አሰኝቶኛል። ከተማዋን የሚዞረው ቦይ አጥርም መንገድም ነበር። አገሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃውን ሁልጊዜ የሚቆጣጠር ያስፈልጋል። የአካባቢው፣ ማለትም የዴልፍላንድ፣ የውሃ አስተዳደር ከ1289 ጀምሮ ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል። ዴልፍት በሚገኘው የውሃ ትምህርት ተቋም የተማሩ የአገራችን መሐንዲሶች ይህን ከኔ በላይ ያስረዱ ነበር። ምነው አንዳቸውን ብትጠይቁ?

ሌላዋ የኔዘርላንድስ ከተማ ዩትሬክት ደግሞ የባሰ አድርጋ ነበር። በ1970ዎቹ የድሮውን ከተማ ከሚከብበው ቦይ አንዱን ክፍል አድርቃ ሰፊ የመኪና መንገድ አወጣችበት። በ2002 ነዋሪው በሕዝበ ውሳኔ ውሃው እንዲመለስ ፈረደ። በ2020 ቦዩ ዙሪያውን ሞልቶ ጀልባ አለፈበት። ቦይ እንደገና ይቆፈራል። የ1400ዎቹን ግንብ ግን እንደገና የሚሠራ የለም።

ስለዚህ ጽሑፉ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ቦታ ካላችሁም ከበሩ ፎቶ ጎን የፈርሜርን ሥዕል አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከኔዘርላንድስ