የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ፦ ቀይና ነጭ ቦሎቄ

ዘንድሮ የክበባችንን ሥራ ያስጀመረን ትል ነው። ኅዳር ላይ የጥቅል ጎመን መደባችን ወንፊት መሰለ። ቅጠሉን ብንገለብጠው ትንንሽ አረንጓዴ ትሎች። ሲነኳቸው ይወራጩና በቀጭን ክር ተንጠልጥለው ይወርዳሉ። «ቲቸር፣ ሊፍት አላቸው እንዴ?» አለች አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ።

የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ ከማሳቸው የተረፈ መድኃኒት አምጥተው ልጆቹን አርቀው ሁለት ጊዜ ረጩ። ትሎቹ ንቅንቅ አላሉም። «ለምደውታል» አሉ ጋሼ።

ክርክሩ ከዚህ ተነሣ። ትል መድኃኒትን እንደ በርበሬ አይለምድም። ከብዙዎቹ መሃል ጥቂቶቹ ከጥንቱም አይሞቱለትም፤ ሌላው ሲያልቅ የሚራቡት እነሱ ናቸው። የእኛ ትሎች አድገው የሚሆኗት የጎመን እሳት እራት ደግሞ በዚህ የታወቀች ናት። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ጃቫ ደሴት ላይ፣ ዲዲቲ የተባለውን የተባይ መድኃኒት እንደተቋቋመች የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በ1990 ደግሞ ሃዋይ ማሳ ላይ ቢቲ የተባለውን ከባክቴሪያ የሚሠራ መድኃኒት መቋቋሟ ታወቀ።

መርጨት ብናቆምስ? ይህን በቦሎቄ ሞከርነው። 95 ነጭ፣ 5 ቀይ። ቀዩ ቦሎቄ፣ መድኃኒት የማይገድለው ትል ነው፤ ነጩ የሚገድለው። በየርጭቱ ከ10 ነጭ 1 ብቻ ይተርፋል፤ የተረፉት ተራብተው ድምሩ 100 ይሆናል። በሦስት ርጭት ቀዮቹ 98 ሆኑ።

ከዚያ ርጭት አቆምን። መድኃኒት መቋቋም አንዳንዴ ተባዩን ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ስለዚህ ነጩ 4 ሲወልድ ቀዩ 3 ይውለድ አልን። ግማሽ በግማሽ ለመሆን 13 ዙር ፈጀ። ግማሾቹ ልጆች ሰልችቷቸው ቤታቸው ሄደዋል፤ አልፈርድባቸውም። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ረጨን። ቀዩ 91!

የሃዋይዋ እራትም ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሳየችው ይህንኑ ነው። ቢቲው ሲቋረጥባት ከጥቂት ትውልድ በኋላ መቋቋሟ ወረደ፤ መልሰው ሲያቀምሷት ቶሎ ተመለሰ።

«ቀዩም 4 ቢወልድስ?» ብሎ አንዱ ልጅ ደንቡን ለወጠ። 98ቱ ስንት ዙር ብንጠብቅ 98 ናቸው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ወደ መጀመሪያው ደንብ ተመልሰን፣ በየዙሩ ሳናይ 10 ቦሎቄ አውጥተን ካልተረጨ ማሳ እንደመጡ 10 ነጮች ተካን። 13ቱ ዙር ወደ 4 ወረደ። ከመደባችን አንዱን ረድፍ ሳንረጭ የተውነው ለዚህ ነው። በትሉ ተበልቶ አፈር በላ፣ ርእሰ መምህሩም ታዝበውናል።

ጋሼ ጨዋታውን ቆመው አይተው፣ «እኔማ መድኃኒት ቀይሬያለሁ» አሉ። በማግስቱ ሁለቱንም ጠርሙስ አመጡልን። ልጆቹ ጓንት አድርገው ከስሙ በታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበቡ። ስሙ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ፤ ውስጡ ያው።