ሰውነት ማጎልመሻ በየቀኑ ይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋና የምጠግን ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ትምህርት ጉዳይ ምን አገባህ አትበሉኝ፤ ልጆች እንዴት እንደሚውሉ ሱሪያቸው ይነግረኛል። ድሮ ለጥገና የሚመጣልኝ ሱሪ ጉልበቱ የተቀደደ ነበር፤ ኳስ ነዋ፣ ሩጫ ነዋ፣ መውደቅ መነሣት ነዋ። አሁን ጉልበቱ እንደ አዲስ ሆኖ መቀመጫው የሳሳ ይመጣል። ወገቡን አስፋልኝ የሚል ወላጅም በዝቷል።

6ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሰውነት ማጎልመሻ ያላት ሐሙስ ብቻ ነው፤ ለዚያውም 40 ደቂቃ። ስም ጥሪውና ሰልፉ ሲቀነስ ምን ይተርፋል? ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣል። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለስፖርት ተሰጠ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ማንቀሳቀስ፣ አጥንትና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን መሥራት አለባቸው ይላል። የሐሙሷ ክፍለ ጊዜ የአንዱን ቀን እንኳ አትሞላም፤ ሰውነት ደግሞ እንደ ግመል የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ጠጥቶ አይጓዝም።

ሜዳ የለም ይባላል። እውነት ነው፤ ሕንፃ የበላው ሜዳ አለ፣ መኖሪያ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩም አሉ። ገመድ ለመዝለል፣ ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት፣ እጅና እግር ለማፍታታት ግን ስታዲየም አያስፈልግም። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ በኋላ ሰልፉ ሳይበተን 20 ደቂቃ ይሠራ፤ ለከሰዓት ፈረቃም እንዲሁ። የስፖርት መምህሩ ያቅድ፣ የክፍል ኃላፊው ያሠራ፤ የሳምንቱ ክፍለ ጊዜም አይነካ። የጅማ ዝናብ ክረምት ጠብቆ አይመጣም፤ ሲጥል በረንዳ ላይ፣ ካልሆነም ክፍል ውስጥ ወንበር አስጠግቶ መሥራት ይቻላል። የቀረውን 40 ደቂቃ የእግር መንገድና የሰፈር ጨዋታ ይሙላው፤ ባጃጁ ከፈቀደላቸው ማለቴ ነው።

ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ የጨፈረ አባት ሁሉ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ክፍያና ስለ ውጤት ሲከራከር ያመሻል። ስለ ልጁ ሩጫ የሚጠይቅ አላየሁም።

ቱታ ሊሸጥ ፈልጎ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ለ20 ደቂቃ ቱታ አያስፈልግም፣ በዩኒፎርሙ ይሠራል። የሴቶቹ ጠባብ ጉርድ ግን እግር አያዘረጋም። ትምህርት ቤቶች ለመስከረም ዩኒፎርም ሲያዝዙ ለሴቶችም ሱሪ ወይም ሰፋ ያለ ጉርድ ይፍቀዱ፤ ጉርዱን ለማስፋት የሚጨመረው ጨርቅ ለአንድ ልጅ ግማሽ ሜትር አይሞላም።

አንድ ልብስ ሰፊ
ከጅማ